የአያ ሙሄ ግመሎች የተቆጠሩ ሰሞን

እጄን እሰሩልኝ ብዬ ለምኜ አውቃለሁ፤ ሰሚ አጣሁ እንጂ። እማየ «አንቺን ከማሰር የቆቦን ነፋስ በጆንያ መያዝ ይቀላል» ብላ ገመዱን ለፍየሏ አዋለችው። ስለዚህ አሁን የማወጋችሁን ሰምቶ «ጥፋቱ የዚች ልጅ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ አስቀድሞ ፍየሏንም ይጠይቅ። ገመዱ እሷ አንገት ላይ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ይመር ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ «ሥራ እስካገኝ» ብሎ ጓዳ ገባ። ገብቶ ቀረ። ፀሐይ ሳያየው ከርሞ፣ እንደ ጓዳ ሽንኩርት ነጥቶ ሊያቆጠቁጥ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ቀን የስልክ ጨዋታ ይዞ ወጣ። ስሙን «ሜዳው» አለው። ሜዳው የኛው የራያ ሜዳ ነው። ግመል ታረባላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ከጅብ ትጠብቃላችሁ፤ እናንተ ዘንድ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ጎርፍ ይመጣባችኋል። ሁሉም ሰው በየስልኩ ገብቶ አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚያግደው። ግመልን ለጎረቤት አደራ መስጠት ሁሉ አለ።

«እኛ ትምህርት ቤት የገባነው ከመንጋ ኋላ ከመሮጥ ለመገላገል አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» አለኝ።

እውነትም አላውቀውም ኖሯል። ጨዋታው ቆቦን እንደ ጉንፋን አዳርሶ ወደ ሮቢትና ወደ ጎብዬ ወረደ። ባጃጅ ተሳፍራችሁ «ወራጅ አለ» ስትሉ ሹፌሩ «ቆይ፣ ግመሌ እየጠጣች ነው» ይላችኋል። አትቆጡትም። እናንተም እያጠጣችሁ ነው።

ግን ይመር ጓዳ የከረመው ለባጃጅ ሹፌር ብሎ አይደለም። ለሐያት ብሎ ነው። ሐያትና ይመር ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚፈላለጉ ናቸው፤ ይህን ቆቦ ውስጥ የማያውቅ ቢኖር የሐያት አባት አያ ሙሄ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አውቀው እንዳላወቁ ነው። አያ ሙሄ ስለ ይመር የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ማማ ላይ ወጥቶ የማሽላ ወፍ ያልጠበቀ ወንድ፣ የኔን ልጅ ሊጠብቅልኝ ነው?» ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላል? ይመር ወንጭፍ ቢያነሳ ወፏን ትቶ እማየን ነው የሚመታ።

አያ ሙሄ ማሽላቸውን አርሰው የሚያድሩ ሰው ናቸው። በሬ አላቸው፣ አንዲት የምትናከስ አህያም አለቻቸው። ግመል ግን የላቸውም። የነበራቸው አባታቸው ናቸው፤ እሳቸው ልጅ ሆነው ከመንጋው ጋር ቆላ ወርደው ይከርሙ ነበር። ድርቅ መጣና መንጋው አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የግመል ወሬ አይነሳም። ሐያት አባቷን ለማጫወት ብላ «ሜዳው»ን ስልካቸው ላይ የጫነችላቸው ዕለት ታዲያ ሰውየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት አለች። «ይቺ አረማመዷ ትክክል ነው» አሉ። ይኸው ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከእጃቸው የሚያስለቅቃቸው ሶላት ብቻ ሆነ።

ለእያንዳንዷ ግመል ስም አወጡ። የሁሉም አውራ ሸጊቱ ነበረች። ሸጊቱ ጠጣች፣ ሸጊቱ ወለደች፣ ሸጊቱ ዛሬ ኩርፊያ ይዟታል፤ ሐያት «እናቴን እንዲህ ጠርተዋት አያውቁም» ትላለች። ከርመው ከርመው አንድ ቀን «ያ የጓዳ ልጅ ግመል ያውቃል» አሉ። በሳምንቱ «ሽማግሌ መላክ ከፈለገ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደጄ ክፍት ነው» አሉ።

እማየ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ይመር ራሱ ቀደማት።

ይመር ለዓርቡ የሚለብሰውን ልብስ ሊገዛ ደሴ ሄደ። ቆቦ ልብስ የለም እንዴ? አለ፤ ግን ሙሽራ ሊሆን የተነሳ ሰው ደሴ ያልተለካ ሱሪ አይገባለትም። ሲሄድ የጨዋታውን ማስተዳደሪያ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ሰጠኝ።

«ጨዋታው ከቆመ ይቺን ተጫኚ፣ ይነሳል። ሌላ ነገር አትንኪ።»

እናንተየ፣ «ሌላ ነገር አትንኪ» ማለት ለኔ አድራሻ መስጠት ነው። ባይለኝ ኖሮ ሌላ ነገር መኖሩን በምን አውቅ ነበር?

እሱ የተሳፈረበት መኪና ሮቢት ሳይደርስ «ቆጣሪ ጨምር» የሚል ቁልፍ አገኘሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ምን ያህል እንደገፋ የሚያሳይ ቁጥር ትፈጥራላችሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደረጃው ያድጋል። ይመር ለጅብ ማባረር አንድ ቆጣሪ አበጅቷል፣ ለማጠጣትም አበጅቷል። ለግመል የለም። ደግሜ አየሁ፤ የለም። እንዴት ሰው የግመል ጨዋታ ሠርቶ ግመሉን ሳይቆጥር ይቀራል? ፍቅር ነው፣ ረስቶት ነው አልኩ። እህት ለመቼ ነው?

በዚያ ላይ ቂም ነበረኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ በተሳፈርኩ ቁጥር «የኔ ግመሎች ሜዳውን ሞሉት፣ አንቺ ፍየል እንኳ አታረቢ» እያለ የሚደነፋብኝ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይሉ የለ? እኔ የራሴ ቆብ ስለሌለኝ የሰው ቀደድኩ።

ቁልፉን ስጫን መጠይቅ መጣ። የቆጣሪው ስም? «ያለህ ግመል፣ አትዋሽ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ይቁጠር? ግመል። ማን ይየው? ሁለት ምርጫ አለ፦ «ባለቤቱ ብቻ» እና «ሁሉም»። እኔ ድብብቆሽ አልወድም። «ሁሉም»ን ተጫንኩ።

አሁን «አንቺ የራያ ልጅ አይደለሽም? ከብት እንደማይቆጠር አታውቂም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አውቃለሁ። ከብት አይቆጠርም፣ ልጅ አይቆጠርም። ከብቱን የቆጠረ ለዓይን አጋለጠው ማለት ነው። እማየ እኛን ስታጣራ እንኳ በየስማችን ትጠራናለች እንጂ ስንት መሆናችንን ተናግራ አታውቅም፤ አንድ ቆጣሪ የመንግሥት ሰው መጥቶ «ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ቢላት «እንደምታያቸው ናቸው» አለችው፣ ግማሾቻችን ትምህርት ቤት ነበርን። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የስልክ ግመል ግመል ነው እንዴ? ወተት የላት፣ ሥጋ የላት፣ ባትሪ ሲያልቅ የምትጠፋ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይቺ ናት፤ ሰማይ ያለችን ላም የማን ዓይን ይደርስባታል?

በማግስቱ ጠዋት ሜዳው ላይ በየሰዉ ራስ ላይ አረንጓዴ ቁጥር ተንጠልጥሎ ዋለ። መጀመሪያ የፈለግሁት ሰው ጋ ሄድኩ። የባጃጅ ሹፌሩን ቁጥር እጽፋለሁ፤ አንድ ነው። አንድ መቁጠር አይባልም። እሷም ታነክሳለች። «ሜዳውን ሞሉት» ያለው ስታነክስ ብዙ ቦታ ስለምትይዝ ይሆናል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅበት ባጃጁን አስነስቶ ያለ ተሳፋሪ ሄደ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እስከ ረፋድ ብቻ።

ረፋዱ ላይ ሜዳው ላይ ሰው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ግመሎቻቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሸጉ፤ ቁጥሩ ግን ከቁጥቋጦው በላይ ይታያል። ቁጥሩን ለመቀነስ ለጎረቤት አደራ ሰጡ፤ የጎረቤት ቁጥር ሲያብጥ ጎረቤት ደንግጦ ለአማቹ ሰጠ፤ አማች ለአበልጁ። ግመሎቹ እንደ ፍም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ዋሉ፤ ውሃ ያጠጣቸው የለም። የማን ግመል ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ጠፍቶ የገበያ ዳር ሰው ሁሉ ይጯጯሃል። እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ባለ ዳቦ ቤቷ መንጋ ፍለጋ ላይ ነበረች።

አያ ሙሄ ግን አደራ አልሰጡም። ዘመድ ለማስቸገር አልፈለጉም። በራሳቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቁጥር አዩ፤ ስንት እንደነበረ አልጽፍም፣ ተምሬያለሁ፤ ከቆቦ ግን የሚበልጣቸው አልነበረም። ቁጥሩን ያዩ ሰዎች ወሬ ሲደርሳቸው መንጋውን ወደ ደረቁ ወንዝ ነድተው ሸሸጉ። በዚያው ጎርፉ መጣ።

ሐያት ደወለችልኝ። ድምጿ የለም ማለት ይቻላል።

«አንቺ፣ ሸጊቱ ሞተች።»

«የት አባቷ ሄዳ ነው የምትሞተው? የስልክ ግመል ናት እኮ!»

«በይ ይሄን ለአባቢ ንገሪያቸው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ‹በሰው ፊት ተቆጥራ በዓይን ነው የሄደችው› ይላሉ።» ከዚያ በር ስትዘጋ ሰማሁ። በር ተዘግቶ የሚነገረኝ ነገር ከሸጊቱ እንደሚከብድ ገባኝ። «‹ዛሬ ከብቴን የቆጠረ ቤት ነገ የልጄን ልጆች ይቆጥርባታል› አሉ። ‹ዓርብ ሽማግሌ ደጄ እንዳይቆም› ብለዋል።»

ስልኩን ዘግቼ ይመርን ደወልኩ። ልነግረው ነው፤ ወላሂ ልነግረው ነው።

«ምነው? ደህና ናችሁ?» አለኝ።

«ሱሪው ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ግራጫ።»

«ማሻ አላህ» ብዬ ዘጋሁ።

የራሴን እሾህ ራሴ ልንቀል ብዬ ወደ ገጹ ተመለስኩ። «ቆጣሪውን አጥፋ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ፤ ሥሩ ግን «የጠፋ አይመለስም» ይላል። የሚጠፋው ቆጣሪው ይሁን ግመሎቹ አልተገለጸም። እኔን የምታህል ደፋር እንኳ እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ከሱ ዝቅ ብሎ «ቁጥሩን አስተካክል» የሚል አገኘሁ። መፍትሔው መጣልኝ፦ የአያ ሙሄን ቁጥር ዜሮ ካደረግሁት ማን ያያቸዋል? ዓይን ዜሮን ምን ይበላዋል? አስተካከልኩ። ግመሎቹ በረታቸው ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ የሚታየው ግን ባዶ ነው። በገዛ ብልሃቴ ተደንቄ ሻይ አፈላሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ እማየ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች።

«ተነሽ።»

«ወዴት?»

«አያ ሙሄ ዘንድ። ግመሎቻቸው አለቁ አሉ። አንድም አልተረፈላቸው! ሰው ሁሉ እየሄደ ነው።»

«እማየ፣ የስልክ ናቸው እኮ።»

«ይሁኑ! ሰውየው የእውነት አይደሉም?»

ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት።

ስንደርስ የአያ ሙሄ ግቢ ሞልቷል። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ሴቶቹ ፔርሙስና ዳቦ ይዘው ይገባሉ፤ ለካ የባለ ዳቦ ቤቷ ዳቦ እዚህ ነው የመጣው። «አላህ ይተካልዎ»፣ «እግዜር የተሻለውን ይስጥዎ» ይባላል። ጎረቤታችን አያ ተስፋው፣ ዓርብ ሽማግሌዎቹን ሊመሩ የነበሩት፣ ከፊት ተቀምጠው «እኔም በዚያ በክፉው ጊዜ በሬዬን ሳጣ…» እያሉ የእውነት ዕንባ አውጥተዋል። አያ ሙሄ መሐል ናቸው። ፊታቸው ላይ እንግዳ ነገር ነበር። ሸጊቱ ብትሞትም የቀሩት እንዳሉ ናቸው፤ ሰውየው ያውቃሉ። ግን «የለም፣ እንዲህና እንዲህ ያህል አሉኝ» ቢሉ ያው ቆጠሩ ማለት ነው! ስለዚህ ደህና ለሆነ መንጋ ለቅሶ ተቀምጠው «አሚን፣ አሚን» ይላሉ።

ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ ብዬ «አላህ ይተካልዎ፣ አያ ሙሄ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ።

«አሚን» አሉ። «አንቺንም እጅሽን አላህ ያሳርፍልሽ።»

እማየ «አሚን!» ያለችው ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ።

ቤት ስንመለስ እንደ ሰው አፍሬ ብቀመጥ ኖሮ ወጌ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው፤ እኔ እንዲያውም የለቀምኩትን መልሼ አፈሰስኩት። የሰውየው ልብ የተሰበረው በሸጊቱ ነው አይደል? እንካስ አልኩ። ገጹ ላይ «ግመል ስጥ» የሚል አለ። ነጭ፣ ወጣት፣ አረማመዳቸው ያማረ ግመሎች መርጬ አያ ሙሄ በረት ውስጥ ለቀቅኋቸው። ስንት? ብዙ ቸርነት ተሰምቶኝ ነበር፣ እሱን ያዙልኝ።

የረሳሁት አንድ ነገር፦ ጨዋታው ላይ የማንም ሰው ግመል የባለቤቱ ምልክት አንገቷ ላይ ይተኮስባታል። በኔ ቸርነት የመጡት ምልክት የላቸውም። ልሙጥ ናቸው። አያ ሙሄ በነጋታው በረታቸውን ሲከፍቱ የማያውቋቸው፣ ምልክት የሌላቸው ግመሎች ከራሳቸው መሐል ቆመው ያመሰኳሉ። የሰው ከብት በረቱ የገባበት እውነተኛ ሰው ምን ያደርጋል? ያስነግራል።

የገበያ ቀን ነበር። አያ ሙሄ ከብት ተራው ዘንድ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፦

«ግመል የጠፋበት! ልሙጥ ነጫጭ ግመሎች በረቴ ገብተዋል! መለያቸውን የነገረኝ ይውሰድ!»

ጨዋታውን የሚያውቅ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። የማያውቀው ግን ነበር። ግመል የእውነት ጠፍታበት ከአፋር በኩል ሲፈልግ የመጣ ሰው ሕዝቡን እየገፋ ደረሰ። እኔ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ጀርባ ተደብቄያለሁ።

«የታለች?» አለ።

አያ ሙሄ ስልኩን ሰጡት። ሰውየው አልሳቀም። ተቀበለና ወደ ጥላ ፈቀቅ ብሎ እያንዳንዷን ለየብቻ አያት፤ ጆሮ፣ ሻኛ፣ ኮቴ።

«የኔ ጆሮዋ ስንጥቅ ነው» አለ። «እነዚህ ጆሯቸው ሙሉ ነው። የኔ አይደሉም። ግን ጥሩ ግመል ናቸው፣ ባለቤቱ ያዝናል።»

«አላህ ያግኝልህ» አሉት አያ ሙሄ። ተጨባብጠው ተለያዩ። ሁለት ቁም ነገረኞች! ገበያው መሐል እንደኔ የቀለለ ሰው አልነበረም፤ ያውም ሽንኩርት ተሸክሜ።

ከድንጋዩ ሲወርዱ የተናገሩትን ሐያት ሳትነግረኝ በጆሮዬ ሰማሁት፦ «እንግዲህ የሰው ሐቅ በረቴ ውስጥ እያለ ልጅ አልድርም። ለማንም።»

ለማንም! በፊት ሐያትን የነሳኋት ይመርን ብቻ ነበር። አሁን መላውን ዓለም ነሳኋት።

ይመር ዓርብ ጠዋት በግራጫ ሱሪ ደረሰ። ከመናኸሪያ ቤት እስኪደርስ ድረስ ባጃጁ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፍየሏም ሳትቀር ነግረውት ነበር መሰለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ምኑን ነው የነካሽው?»

«ያልነካሁትን ብነግርህ ይቀላል።»

አልጋው ላይ ቁጭ አለ፤ ሱሪው እንዳይጨማደድ እንኳ አላሰበም። ያኔ ነው እውነት የደነገጥኩ።

«ጨዋታውን ከመሥራቴ በፊት ‹ስለ ግመል ልጠይቅዎ› ብዬ አያ ሙሄ ቤት ሄጄ ነበር» አለ። «የአባትዎ ግመሎች ስንት ነበሩ አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ደህና ነበሩ› አሉኝ። ‹ደህና ነበሩ› ብለው ዕንባቸው መጣ። ቆጣሪ ያልሠራሁት ረስቼ አይደለም።»

ምን እላለሁ? በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው አጣሁ። እማየ «ሙቀት ይኖራት ይሆን?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰብስበው መከሩ። አንዳንዱ «ሰውየው አትምጡ ብለዋል፣ እንቅር» አለ። አያ ተስፋው ግን በትራቸውን አነሱ።

«አትምጡ ያለ ሰው ዘንድ ነው ሽማግሌ የሚያስፈልግ። ና ላለማ ልጁም ይሄዳል። ነገር ግን ነገሩን ያበላሸ እጅ አብሮ ይሂድ።»

«ሴት ልጅ ከሽማግሌ ጋር?» አለ አንዱ።

«እጇን ነው የምንወስድ። እሷ ከእጇ ጋር ከመጣች ምን እናድርግ።»

እናም ኮምፒውተሩን ታቅፌ፣ ከጋቢዎቹ ኋላ፣ በቆቦ ፀሐይ ተከተልኩ። ይመር ቤት ቀረ፤ ሙሽራ በገዛ ሽማግሌው ላይ አይገኝም። ዕጣው በኔ እጅ ተይዞ መሄዱን እያሰበ ሳይጨነቅ አይቀርም።

አያ ሙሄ ደጃቸው ላይ ነበሩ። «ግቡ» አላሉም፣ «ሂዱ»ም አላሉም። ሽማግሌዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩና፦

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» አሉ።

ወጥመድ መሆኑ ለኔ እንኳ ገባኝ። አያ ተስፋው በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ ምንም ሳይቸኩሉ፦

«ደህና ሆነን መጣን» አሉ።

የአያ ሙሄ ጢም ተነቃነቀ። «ግቡ» አሉ።

ቁርቁራው ሥር ተቀመጥን። የለቅሶው ምንጣፍ አልተነሳም ነበር።

«ማን ነው ከብቴን የቆጠረ?» አሉ አያ ሙሄ።

ሽማግሌዎቹ ለመናገር ሲዘጋጁ፣ ወጉ በክብ ዞሮ፣ ምሳሌ ተጨምሮበት፣ ማሽላ እስኪታጨድ ሊደርስ ነበር። አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ። ይመር አያውቅም። እሱ ደሴ ሱሪ ሲለካ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«‹ያለህ ግመል፣ አትዋሽ› ተብሎ ነው የተጻፈ። ሽማግሌን አትዋሽ የምትል ሴት ቆቦ ውስጥ ካንቺ ሌላ ማን አለች? የቆጠረውን አውቄ ነው የቆየሁት። ቤቱ እጁን ይዞ ይመጣል ወይስ እጁን ይደብቃል ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ጠበቀ። «ልሙጦቹስ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸው። ማለት የርስዎ ናቸው። በሸጊቱ ምትክ ሰጥቼዎት ነው።»

«ስጦታ በቀን ይሰጣል፣ በአፍ ይሰጣል፣ ሰው ፊት ይሰጣል። በአጥር ሾልኮ የገባ ሌባ ነው፤ ይዞ ቢመጣም ሌባ ነው። በይ እንደ ሰው ስጪ።»

ተነሳሁ። በዚያ ሁሉ ጋቢ መሐል ቆሜ «አያ ሙሄ፣ እነዚህን ግመሎች በሸጊቱ ምትክ ሰጥቼዎታለሁ፤ ሸጊቱን ግን የሚተካት እንደሌለ አውቃለሁ» አልኩ። የኋለኛውን ማንም አላስጠናኝም። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሰውየው ዘወር ብለው ጢማቸውን አበሱ።

«ተቀብያለሁ። ምልክቴን ምቺባቸው።»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ በየአንገታቸው ምልክታቸውን አደረግሁ። ሽማግሌው ሁሉ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ «ያቺን ዘለልሻት»፣ «ቀስ፣ ታስደነግጫታለሽ» እያለ ያዝዘኛል። ሐያት ከቤት ውስጥ በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች፤ ስቃ ሳይሆን አይቀርም፣ መጋረጃው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ይመር ተጠራ። የግመል ቆጣሪውን ምን እናድርገው ተባለ። ይመር አሰበና ቆጣሪው ይኑር፣ ቁጥሩ ግን በቃል ይተካ አለ። አሁን «ሜዳው» ላይ ብትገቡ በየሰዉ ራስ ላይ ቁጥር የለም። መንጋው ትንሽ የሆነው «ደህና ናቸው» ይላል። ከፍ ሲል «ተመስገን» ይላል። በጣም ሲበዛ «ማሻ አላህ» ብቻ ይልና ዝም ይላል። የባጃጅ ሹፌሩም ተደስቷል፤ የሱ አንካሳም «ደህና ናት»።

ሠርጉ ማሽላ ከታጨደ በኋላ ተባለ። ሊመረቅ ሁሉም እጁን ሲዘረጋ አያ ሙሄ «ቆይ» አሉ።

«አንድ ካሳ ይቀረኛል። ለይቺ ልጅም ቆጣሪ ይደረግላት። ያ ማስተዳደሪያ የተባለውን በነካች ቁጥር አንድ እያለ ይቁጠር። ለሁሉም ይታይ።»

አያ ተስፋው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ምነው አያ ሙሄ፣ የሰው ልጅ አይቆጠርም አላልንም?» አሉ።

«ሰው አልቆጠርኩም። እጇን ነው።»

ይመር ገና ቃሉ ሳያልቅ ሠርቶ ጨረሰው። ለእህቱ እንዲህ ፈጥኖለት አያውቅም።

ይኸው አሁን ሜዳው ላይ ስገባ በኔ ራስ ላይ ብቻ ቀይ ቁጥር አለ። ባጃጅ ስሳፈር «ዛሬ ስንት ገባ?» ይሉኛል። ጎብዬ ድረስ ሄጄ የማላውቃት ሻይ ሻጭ «ባለ እጇ ናት፣ ባለ እጇ ናት!» ብላ ለጓደኛዋ አሳየችኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያየኝ ጓዳ ገባሁና ቁጥሬን በአንድ ብቻ፣ በአንዲት ብቻ ልቀንሳት ብዬ «ቁጥሩን አስተካክል» የሚለውን ነካሁ።

አንድ ጨመረ።

በድንጋጤ ደግሜ ነካሁት። የሆነውን እናንተው ገምቱት። ስንት ደረሰልሽ ለሚለኝ ሰው ሁሉ እንግዲህ ያለኝ መልስ አንድ ነው፦

ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።